ሠላሳ ስድስት ተኩል

የልጅ ልጄ የተወለደ ዕለት አንድ ኪሎ ከአምስት መቶ ሃያ ግራም መዘነ። የነገረችኝ ነርሷ ሲስተር ሙንታሊ ናት። እኔ ሚዛኑን አላየሁም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። እኛ መንደር ሚዛን ላይ የሚወጣው ኦቾሎኒና ጥጥ ነው።

«ደህና ልጅ ስንት ይመዝናል?» አልኳት።

«ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ አራት ኪሎ። ይሄኛው ሁለት ወር ቸኩሎ ነው የመጣው፣ አጎጎ።»

በአርባ ሰባት ዓመቴ አያት ተብዬ፣ አጎጎ ተብዬ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ማንን ነው የምትጠራው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

ሲስተር ሙንታሊ የሰሜን ሰው ናት። ቀጭን ናት፤ አፏ ፈጣን ነው፤ እጇ ደግሞ ከአፏ ይፈጥናል። ልጁን ጨርቅ ላይ አጋድማ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችው። ከራሱ እስከ ተረከዙ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ወሩን የጨረሰ ልጅ ሃምሳ ገደማ ይሆናል አለች። የጭንቅላቱ ዙሪያ ሃያ ዘጠኝ፤ ሠላሳ አምስት ቢሆን ጥሩ ነበር አለች። ከዚያ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ ደረቱ ላይ አድርጋ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆጠረች።

«ልቡ በደቂቃ መቶ ሃምሳ ሁለት ይመታል።»

«ወይኔ! በቃ ሊሞት ነው?» የኔ ልብ እንደዚያ ቢመታ እዚያው ወድቄ ነበር።

«ኧረ ምን በወጣው! የሕፃን ልብ ከመቶ ሃያ እስከ መቶ ስልሳ ነው የሚመታው። ልቡስ የጀግና ነው። ትንፋሹም ሃምሳ ስምንት፤ ከስልሳ ካላለፈ ደግ ነው።» ብብቱ ሥር የሙቀት መለኪያውን አስገባች፤ ጠበቀች፤ አወጣችና አየችው።

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ አምስት ነጥብ ሁለት።»

«ደህና ነው?»

«ቢያንስ ሠላሳ ስድስት ተኩል መግባት አለበት። ከሠላሳ ስድስት ተኩል እስከ ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው የጤነኛ ሕፃን ሙቀት። ስሙኝ አጎጎ፣ ክብደቱንም ቁመቱንም ጊዜ ይሞላዋል። ብርዱ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሸሚዝዎን ያውልቁ።»

«ምን?»

«ሸሚዝዎን። ደረትዎ ላይ ላስርልዎ ነው።»

እናቱ፣ ልጄ ዚኔናኒ፣ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ብዙ ደም ስለፈሰሳት ወዲያ ማዶ ባለው ክፍል ደም እየተሰጣት ተኝታለች። ባሏ ላሜኪ ሸንኮራ ሊቆርጥ ከሄደ ሦስተኛ ወሩ ነው። ምጧ ሳይታሰብ መጥቶ አምቡላንሱ ላይ ስንወጣ ከዘመድ አብሬያት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። የማሞቂያ ሳጥኖቹ ደግሞ አየር ላጠራቸው ሕፃናት ነው የሚሰጡት፤ የኛ ልጅ ትንፋሽ ደህና ነው ተብሎ ወደዚህ ክፍል ተላከ። ካንጋሮ ክፍል ይሉታል። ካንጋሮ የሚባለውን እንስሳ አይቼ አላውቅም፤ ልጁን ሆዱ ላይ በኪስ የሚሸከም ነው አሉኝ። ሰባት አልጋ አለ፤ አንዱ ባዶ ነው፤ ስድስቱ ላይ ያሉት ሴቶች እርቃኑን የሆነ ሕፃን ጡታቸው መሐል ለጥፈው በቺቴንጄ ጨርቅ ጠፍረውታል። የሕፃናቱ ቆብ ብቻ ነው የሚታየው። እኛ ልጅ የምናዝለው በጀርባ ነው። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

«እኔ አልችልም» አልኳት።

«ለምን?»

«ያስለኛል።»

ማዳመጫዋን ጀርባዬ ላይ አደረገች። «ሳንባዎ ከኔ ሳንባ ይሻላል።»

«ደረቴ ያሳክከኛል።»

አየችው። «ምንም የለበትም።»

«ዓሣ እየጠበስኩ ነው ምጡ የመጣው። ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ።»

«ውሃ እዚያ አለ፤ ሳሙናም አለ።»

ሄጄ ታጠብኩ። እስከ ብብቴ ታጠብኩ፤ ተመለስኩ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እጆቼን ጭኔ ሥር ደበቅኋቸው።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ናምቤዌ የምትባል፣ ንኮታኮታ ከሚባል አገር የመጣች፣ አፏ የማይዘጋ ሴት አለች። ሴት ልጇን ደረቷ ላይ አስራ ሸንኮራ ትመጥጣለች። «አጎጎ፣ ይበላኛል ብለው ነው እንዴ? ጥርስ እንኳ የለውም እኮ!» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ።

እውነቱን ልናገር። እኛ ዘንድ እትብቱ ያልወደቀ ሕፃን የሚይዘው ሰሌን የለየ ሰው ብቻ ነው። ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ ወይም ገና ያልደረሰች ልጃገረድ። ከባሏ ጋር አንድ ሰሌን ላይ የምታድር ሴት ከነካችው ልጁ ይከሳል፤ ይመነምናል፤ አልቆ ይሞታል። ይህን እናቴ ነገረችኝ፤ ለእናቴም እናቷ ነገረቻት።

ዚኔናኒ ያረገዘች ጊዜ ናባንዳ ቤቴ መጡ። ናባንዳ የመንደራችንን ልጃገረዶች ሁሉ መክረው ለወግ የሚያበቁ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ሃያ ዓመት አልፏል። መንደሩ እሳቸውን ይፈራል፤ እሳቸው ማንንም አይፈሩም። «ናፊሪ፣ እንግዲህ አያት ልትሆኚ ነው። ሰሌን ለይታችኋል?» አሉኝ።

«ከመከር ወዲህ ለይተናል» አልኳቸው።

ውሸቴን ነው። የልጄን ልጅ ሌላ ሴት ይዛው እኔ ከበር ቆሜ ማየት አልፈለግሁም። ደግሞም ባሌ ጃይሎሲ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ቅባት ነው፤ ግን ሳቂታ ነው። ሌላ አልጨምርም። የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ እንለያለን፣ ገና ሁለት ወር አለን ብዬ ነበር። ሁለቱን ወር ልጁ ወሰደብኝ።

«ስልክ ስጪኝ» አልኳት ሲስተር ሙንታሊን። «ከመንደር አንድ ሴት ይምጡልኝ፤ እሳቸው ይይዙታል።»

የራሷን ስልክ ሰጠችኝ። የናባንዳ የእህት ልጅ አነሳችና አቀበለቻቸው።

«ናባንዳ፣ ልጁ ተወልዷል፤ ትንሽ ነው፤ ደረት ላይ ይታቀፍ ይላሉ። ቶሎ ይምጡ!»

«እልልል! ወንድ ነው? ዛሬማ አውቶቡስ የለም። ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።»

«ከነገ ወዲያ ይረፍዳል።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አሉኝ። «አንቺ አለሽ አይደል? ሰሌን የለየሽ ሴት ነሽ። አንቺ ያዢው።»

ስልኩን ዘግቼ መለስኩላት። የገዛ አፌ እንደዚያ አስሮኝ አያውቅም።

ሲስተር ሙንታሊ እስከዚያ ልጁን በሦስት ጨርቅ ጠቅልላ፣ የሱፍ ቆብ አድርጋለት፣ በአንድ ክንዷ ይዛው በሌላው ትጽፍ ነበር። እንደገና ለካችው። «ሠላሳ አራት ነጥብ ዘጠኝ። ወረደ።»

«ጨርቅ ጨምሪበት» አልኳት።

«ጨርቅ ሙቀት አይፈጥርም አጎጎ። ያለውን ይይዛል እንጂ። ይሄ ልጅ የሚያዝ ሙቀት የለውም፤ ከሰው መበደር አለበት።» ብዕሯን አነሳች። «እኔ ሌላ የምሠራው አለኝ። የኔን አንድ ደረት ለሰባት ልጅ ላካፍል አልችልም። መዝገቡ ላይ ልጽፍ ነው፤ አያትየዋ አልፈለጉትም ብዬ።»

«አልፈለጉትም» የሚለው ነገር አጥንቴ ድረስ ገባ። እኔ ነኝ ያልፈለግሁት?

አንድ ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከዚኔናኒ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። እሱም እንዲሁ ቸኩሎ የመጣ ነው። አሮጊቶቹ በቅርጫት ውስጥ ጥጥ ጎዝጉዘው አስተኙት። እኔ አልነካሁትም፤ ጃይሎሲም ደጅ ቆሞ ቀረ፤ የነካው ባል አልባ አሮጊት ብቻ ነው፤ እሱንም ለማጠብና ወተት በጨርቅ አፉ ላይ ለመጭመቅ ያህል። ሥርዓቱ አንድም ሳይጓደል ተፈጸመ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። እትብቱ ስላልወደቀ ሰው አይባልምና ሴቶች ብቻ ወስደው ቀበሩት፤ አልተለቀሰለትም። ማንም አልመዘነውም፤ ማንም ሙቀቱን አልለካውም። ከቅርጫቱ ሲያነሱት ግን እግሩ እጄን ነክቶኝ ነበር፤ እንደ ጠዋት ዓሣ ቀዝቅዟል።

ያን ልጅ ማን ነካው? ከአሮጊቷ በቀር ማንም። ሰሌን ያልለየ ሰው አጠገቡ አልደረሰም። ታዲያ ምን ገደለው?

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጠየቅሁ፤ መልሱ ቁጭ ብሎ ነበር የጠበቀኝ። ብርድ ነው።

ብድግ አልኩ። «አምጪው!» አልኩ። ድምፄ መውጣት ከሚገባው በላይ ወጣ። «ግን ሁላችሁም ስሙ! በኋላ አንድ ነገር ቢሆን አልነገረችንም እንዳትሉኝ። እኔና ባሌ ሰሌን አልለየንም! ትናንትናም አንድ ላይ ነው ያደርነው!»

ናምቤዌ ሸንኮራዋን ከአፏ አወጣች።

«ጎበዝ!» አለች። «በዚህ ዕድሜ! የባልዎን መድኃኒት ለኔም ባል ይንገሩልን እንጂ!»

ስድስቱም ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። አንዷ እንደውም ደረቷ ላይ ያለው ልጅ ተነቀነቀና ማልቀስ ጀመረ፤ እሱንም እያባበለች ትስቃለች። «እኛስ አጎጎ፣ እነዚህን ልጆች ከገበያ ነው የገዛናቸው?»

ሲስተር ሙንታሊ አልሳቀችም። ብዕሯን አስቀመጠች። «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ሳል?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ባል አለኝ» አለች። «ትናንትም ነበረኝ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ክፍል ስድስት ሕፃን ነክቻለሁ። ይቁጠሯቸው፤ ስድስቱም አሉ።»

ቆጠርኳቸው። አትሳቁብኝ፤ እውነት አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ስድስት ቆብ። ሸሚዜን አወለቅሁ።

ደረቴ ላይ ስታጋድመው ቀዝቃዛ ነበር፤ እርጥብ ድንጋይ ያስቀመጡብኝ ያህል። እግሮቹን እንደ እንቁራሪት አጥፋ፣ ጉንጩን ወደ ጎን አዙራ፣ አገጩን ቀና አድርጋ በቺቴንጄው ጥፍር አድርጋ አሰረችን። «ወደኋላ ጋደም ይበሉ። አያውርዱት። ሽንት ቤት ካልሄዱ በቀር አይፈቱትም። ጽናቱ ከዚህ በኋላ የእርስዎ ነው።»

«ጽናት ካልሽማ» አልኳት፤ «መንደራችን መጥተሽ ጠይቂ። እኔን ጠላቶቼም ‹ግትር› ነው የሚሉኝ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ለካችው፤ ሠላሳ አምስት ተኩል። ከምሳ በኋላ ሠላሳ ስድስት። ንሲማዬን፣ የበቆሎ ገንፎዬን፣ በግራ እጄ እየበላሁ አንድ ፍርፋሪ ቆቡ ላይ ጣልኩበት፤ እንኳን ሊነቃ አልተንቀሳቀሰም። ለአራተኛ ጊዜ ስትመጣ ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ገብታ አልጋዬን ይዛ ነበር። መለኪያውን አውጥታ ዐይኔን አየችኝ።

«ሠላሳ ስድስት ተኩል።»

«እስቲ ድገሚው።»

«ሠላሳ ስድስት ተኩል፣ አጎጎ!»

አላለቀስኩም። እኔ ሰው ፊት አላለቅስም። ናምቤዌ ግን እልል አለችልኝ፤ የሷ እልልታ ሌሎቹን አስነሳ፤ ነርሷ «ኧረ ሕፃናቱ!» ብላ እስክትቆጣ ድረስ።

በማግስቱ ሌላ ነገር መጣ። ለልምምድ የመጣች አንዲት ተማሪ ነርስ ልጁን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ትንፋሹ ሰባ ሁለት ነው፤ ከስልሳ አልፏል፤ ወደ ሳጥኑ መወሰድ አለበት» አለች።

«ሃምሳ ሰባት ነው» አልኳት።

«እማማ፣ እኔ ቆጥሬያለሁ።»

«እኔም ቆጥሬያለሁ።» የናምቤዌን ቦሎቄ ለምኜ፣ ልጁ በተነፈሰ ቁጥር አንድ ፍሬ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው እየጣልኩ፣ የግድግዳው ሰዓት ቀጭን ዘንግ አንድ ዙር እስክትጨርስ ስቆጥር ነው የዋልኩት። ሦስት ዓመት ነው የተማርኩት፤ እስከ መቶ ለመቁጠር ግን ይበቃል። «አንቺ ዘንጓ ግማሽ ስትሄድ አቁመሽ በሁለት አባዛሽው። አይቼሻለሁ። ይሄ ልጅ ጓደኞቹን ጥሎ እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ ደራርቦ ይተነፍሳል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሲሮጥ ቆጥረሽ ሲያርፍ ተውሽው።»

ልጅቷ ተቆጥታ ሲስተር ሙንታሊን ጠራቻት። ሲስተር ሙንታሊ ሙሉዋን ደቂቃ ቆጠረች። ሃምሳ ስድስት። «የሕፃን ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው ብዬሽ አልነበረም?» አለቻት። ወደኔ ዞራ «ግትር ነኝ ያሉት እውነት ነው» አለችኝ። ከሙገሳ ነው የቆጠርኩት።

ዚኔናኒ አልጋዋ ላይ ሆና ጡቷን ታልብ ነበር፤ ወተቷን በኩባያ እያመጡ በአፍንጫው በገባች ቀጭን ቱቦ ይሰጡታል። መጀመሪያ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነበር። ቱቦዋ ውስጥ ስትወርድ ዐይኔን አልነቅልም፤ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትቀር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መዘኑት። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ዐሥር። የዚያን ቀን ሚዛኑን ራሴ አየሁት። መቶ ዐሥር ግራም ከልጁ ላይ ሄዷል። ያንኑ እያየሁ በሩ ተከፈተና ናባንዳ ገቡ፤ በራሳቸው ላይ የበቆሎ ዱቄት፣ በእጃቸው ደረቅ ዓሣ። ደረቴን አዩ፤ ፊቴን አዩ።

«ምነው እንደዚያ ዐመድ መሰልሽ?» አሉኝ።

መንገር አልፈለግሁም ነበር። ናምቤዌ ቀደመችኝ፤ በሦስት ቀን ውስጥ መላው ሆስፒታል የሚያውቀውን ነገር እሷ ለናባንዳ ብትነግር ምን አለበት! «እኛ አጎጎ እኮ ሰሌን አልለዩም! ግን ልጁን አሙቀው ይኸው አለ።»

ናባንዳ ዱቄቱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ዋሽተሽኛል?»

«ዋሽቻለሁ።»

«ስንት ነበር ሲወለድ?»

«አንድ ከአምስት መቶ ሃያ።»

«ዛሬስ?»

ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እየመነመነ ነው! ናፊሪ፣ ገደልሽው!»

ሲስተር ሙንታሊ መጣች። «አጎጎ፣ ማንም አልገደለውም። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ ይዞት የመጣው ውሃ አለ፤ ያንን ያወጣል፤ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ከክብደቱ እስከ አንድ ዐሥረኛ ድረስ ይቀንሳል። አራት ኪሎ የሚመዝነውም ይቀንሳል። በሁለት ሳምንት ይመልሰዋል።»

«አንቺ ልጅ ነሽ» አሏት ናባንዳ።

«ልጅ ነኝ፤ ግን ሚዛኑ ልጅ አይደለም።»

እኔ ግን ፈራሁ። ግትር ሰው አይፈራም ያለው ማነው? ይከሳል፣ ይመነምናል ተብሎ የተነገረኝ ነገር ይኸው በቁጥር መጣ። ሲስተር ሙንታሊ ትዋሻለች ብዬ አይደለም፤ የእናቴ ቃል ግን ከሷ ቀድሞ ነው ጆሮዬ የገባው። ልጁን ፈትቼ ለናባንዳ ሰጠኋቸው። «ይያዙት። እርስዎ ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻዎን ነው ያደሩት። ከመነመነ በኔ ነው፤ ከጸና በእርስዎ ነው። እንይ።»

ታጠቡ፤ ሸሚዛቸውን አወለቁ፤ አጥንት ብቻ የቀረ ደረታቸው ላይ ታሰረ። ቀኑን ሙሉ ያዙት፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የሳቸውን ትከሻ በቺቴንጄ ሸፈንኩ። ሙቀቱ አልወረደም፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት፣ ልክ እኔ ጋ እንደነበረው። ሲስተር ሙንታሊ ስትጽፍ «ደረት ደረት ነው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት መዘኑት። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሰማንያ አምስት።

ናባንዳ ሚዛኑን ሁለቴ አዩት። በእሳቸው እጅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌኗን ለብቻዋ ባነጠፈች ሴት ደረት ላይ፣ ሌላ ሃያ አምስት ግራም ሄዷል። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ የያዝኩት ምላስ ቢኖር ያ ነው።

«ሰውነቱ የሚያወጣው ውሃ አለ ያልሽው» አሉ ነርሷን፣ ዐይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሱ፤ «መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ሰሞኑን ነው አጎጎ። ወተቱን ጨምረንለታል።»

«እስከዚያ?»

«እስከዚያ ማሞቅ ነው።»

ናባንዳ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ሂጂና ታጠቢ። ከሰዓት በኋላ ተራሽ ነው» አሉኝ።

እንዲህ ተከፋፈልነው። ጠዋት እሳቸው፣ ከሰዓት እኔ። በአምስተኛው ቀን ዚኔናኒ ግድግዳ እየያዘች፣ አንድ እርምጃ ስትራመድ አንዴ እያረፈች መጣች። ፊቷ ገና እንደገረጣ ነበር። ልጇን የዚያን ቀን ነው በቅጡ ያየችው። ደረቷ ላይ ስናስረው «እማዬ፣ ትንሽ ነው» አለች።

«ትንሽ ነው፤ ግን ሙቅ ነው» አልኳት። «ያንን እኛ ሠርተናል፤ የቀረውን አንቺ ሥሪ።»

በዚያው ቀን ክብደቱ ባለበት ቆመ። በስድስተኛው ቀን ዐሥራ አምስት ግራም ጨመረ። ዐሥራ አምስት ግራም አንድ እፍኝ ዱቄት እንኳ አይሞላም፤ እኔ ግን ግቢው ውስጥ ወጥቼ፣ የአስታማሚዎች ማደሪያ ፊት ለፊት፣ ድስት ለሚያጥቡት ሴቶች ሁሉ ነገርኩ። ካለኝ ደረቅ ዓሣ ግማሹን አካፈልኳቸው። በዘጠነኛው ቀን እትብቱ ወደቀ፤ ናባንዳ በጨርቅ ጠቅልለው ያዙት። ትንፋሹ ሃምሳ ገባ፤ ልቡ መቶ አርባ። ቱቦዋ ወጣችና ጡት መሳብ ጀመረ፤ ሲስብ ጆሮው ይንቀሳቀሳል። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ኪሎ ከአምስት መቶ ሠላሳ። ከተወለደበት በዐሥር ግራም በለጠ።

ምስጋና አላውቅበትም። እናቴ «ምስጋና ሲበዛ ይረክሳል» ትል ነበር። ያን ቀን ግን ሲስተር ሙንታሊን መተላለፊያው ላይ ይዤ አቆምኳት። «አልፈለጉትም ብለሽ ጽፈሽ ነበር?»

«አልጻፍኩም። ለማስፈራራት ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አልኳት። «ስላልጻፍሽው። ስላስፈራራሽኝም።» ሌላም የማመሰግንበት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ስልኩ፣ «ትናንትም ነበረኝ» ስላለችው ነገር፤ ግን እጇን ብቻ ጨበጥኩ። እሷም ችኩል ናትና ትከሻዬን መታ አድርጋ ሄደች። ናምቤዌንም አመሰገንኳት፤ አፏን ስላልዘጋች። የዚያን ቀን ልጇን ይዛ ወጣች፤ የቀረውን ቦሎቄ ለኔ ትታልኝ።

ዚኔናኒና ልጁ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ እስኪገባ ይቆያሉ ተባለ። አብሬ እቆያለሁ ብዬ ልብሴን ሳጥብ ናባንዳ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የታጠበ ጨርቅ ከእጄ ወስደው ጨመቁ፤ እጃቸው ከኔ ይጠነክራል።

«እኔ እዚህ እቀራለሁ» አሉ። «አንቺ በነገው አውቶቡስ ሂጂ። ባልሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ የራሱን ንሲማ ሲያቃጥል ሰንብቷል፤ ጎረቤት ሁሉ ጭሱን አይቷል።»

«መንደር ስደርስ ሴቶቹ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

«የሆነውን ንገሪያቸው። በኔም እጅ እንደቀነሰ ጨምረሽ ንገሪ። ሌላ ልጅ ቸኩሎ ቢመጣ ማንም ቢሆን ይቀፈው በያቸው፤ ናባንዳ ብላለች በይ።»

ይህን ከሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እጄ ላይ ያለው ሳሙና እስኪደርቅ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ያው እኔ ነኝና መጠየቄ አልቀረም።

«ናባንዳ፣ የሰሌኑስ ነገር? ልለይ?»

ጨርቁን አራግፈው ገመዱ ላይ አሰጡት። ዐይናቸውን ከገመዱ አላነሱም።

«ቤትሽ ሂጂ ነው ያልኩሽ» አሉኝ። «የት እንደምትተኚ መች ጠየቅሁሽ?»